ያለ አፈር የሚዘራው ደረጀ

ደረጀ መሞቱን የነገረችኝ ሚስቱ ኛማል ናት። ከጁምዓ ሶላት ወጥቼ ጫማዬን በማጥለቅ ላይ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። «ወንድሜ ጀማል፣ ደሬ አረፈ» አለችኝ። የምትደውለው ከጋምቤላ ነው። ጉበቱን ሲያመው መክረሙን፣ ሐኪሞቹ ዘግይታችኋል ማለታቸውን፣ የቤተክርስቲያን ሰዎች እየዘመሩ እንደቀበሩት ነገረችኝ። እኔ አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ ከትቼ፣ ሌላውን ባዶ መሬት ላይ እንዳደረግሁ ቆሜ ቀረሁ።

ሻሸመኔ ወዳለው ሱቄ ስመለስ የምነግረው ሰው አልነበረም። እዚህ እሱን የሚያውቅ የለም። ደረጀን የምናውቀው ጁባ አብረነው የነበርን ነን፤ እኛም ተበታትነናል። ሐዘኑን የሚጋራኝ ሳጣ ጊዜ ነው ልጻፈው ያልኩት።

ያኔ ጁባ ታውን ገበያ ውስጥ የቧንቧ ዕቃ እሸጥ ነበር። ከጦርነቱ በፊት አንድ ቀን ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሐበሻ ገባና የፍሳሽ ቧንቧ አምጣ አለኝ። አመጣሁለት። አንዱን ጫፍ ዓይኑ ላይ ደግኖ ወደ ፀሐይ አየና መለሰልኝ።

«ይሄ ብርሃን ያስገባል» አለ።

«የፍሳሽ ቧንቧ ብርሃን ምን ያደርገዋል?»

«እኔ የማስገባበት ፍሳሽ አይደለም፤ የሰላጣ ሥር ነው። ብርሃን ከገባ ውኃው አረንጓዴ ዝቃጭ ያወጣና ቧንቧው ይደፈናል።»

ያሾፈብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ የምሩን ነው። ዝዋይ አካባቢ በአበባ እርሻ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቷል። እዚያ ጽጌረዳውን የሚያበቅሉት ያለ አፈር ነው፤ ሥሩ ቀይ አሸዋ ይይዛል፣ ምግቡ በውኃ ተበጥብጦ ይንቆረቆርለታል። ጁባ የመጣው ሚስቱን ተከትሎ ነው። ኛማል ኑዌር ናት። ልጅነቷን ጋምቤላ በስደተኛ ጣቢያ፣ ትምህርቷን አዲስ አበባ አሳልፋ፣ አገሯ ደቡብ ሱዳን ነፃ ስትወጣ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ተመለሰች። እሱንም አንድ ሆቴል ለእንግዶቹ ሰላጣ እንዲያበቅልለት ቀጠረው። ያኔ ጁባ ውስጥ ሰላጣ የሚባል ነገር ከዩጋንዳ በመኪና መጥቶ፣ ሲደርስ ግማሹ የበሰበሰ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ይመጣል። የሚገዛው ጥቂት፣ የሚጠይቀው ብዙ ነው። ለሁሉም ነገር አንድ ጥያቄ ነበረችው። «ቢቋረጥስ?» ይላል። የውኃ ፓምፕ ሳሳየው፣ «መብራት ቢቋረጥስ?» ጄኔሬተር አለ ስለው፣ «ነዳጁ ቢቋረጥስ?» አንድ ቀን ዕቃዬን ሁሉ የማመጣው በኒሙሌ መንገድ ከካምፓላ መሆኑን ስነግረው ቧንቧውን አስቀምጦ አዘነልኝ። «አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለህ?» አለኝ፣ በሽታ እንዳለብኝ ሁሉ። አናዶኝ ነበር። ነጋዴ ይህን ሁሉ ቢያስብ ሱቁን መቼ ይከፍታል?

አንድ እሑድ በፒክ አፔ ከጁባ ወጣ ብሎ ነጭ ዓባይ ዳር ወዳለው ረጃፍ ወሰድኩት። ጠጠር ሊመርጥ ነው። ወንዙ ዳር ድንጋይ የሚፈልጡ ሴቶች ክምራቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ደረጀ ከኪሱ አቼቶ የያዘች ትንሽ ብልቃጥ አወጣና ከየክምሩ አንዳንድ ጠጠር እያነሳ ጠብ ያደርግበት ጀመር። ሴቶቹ ሳቁ። «ሀበሺው ድንጋዩን በሰላጣ ማጣፈጫ ሊበላው ነው» ተባባሉ። እሱ አጎንብሶ እየሰማ ነው፤ ድንጋዩ አረፋ አውጥቶ ከፈላ ኖራ አለበት ማለት ነው፣ ኖራ ደግሞ ውኃውን ያበላሻል። አንዱም አልፈላም። ደስ ሲለው እንደ ልጅ ነው፤ እጆቹን አፋተገና ፒክ አፑን እስኪያጎብጥ ጭነን ተመለስን።

የሆቴሉ ሰላጣ አማረ። ጠጠር የሞሉ ረጃጅም ሣጥኖች፣ በላያቸው የተዘረጋ መረብ፣ ሥር ሥራቸውን የሚሮጥ ውኃ። እንግዶች ፎቶ ይነሱበት ነበር። እሱ ግን ዙሪያውን እየዞረ ፓምፑን ያዳምጣል።

ታኅሣሥ ላይ ጦርነቱ ፈነዳ።

ተኩሱ በጀመረ ማግሥት ጠዋት ሃይ ማላካል ሰፈር ያለውን የቤቴን የቆርቆሮ በር የሚደበድብ ሰው መጣ። ደረጀ ነው። ከሆቴሉ ወደ ቤቱ ለመሄድ ተነስቶ፣ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶበት፣ እየተጎነበሰ እኔ ዘንድ ደረሰ። ኛማል ከእናቷ ጋር ቤት ናት። ስልክ አይሠራም። ወታደሩ በጎሣ ተከፍሎ እንደሚታኮስ፣ በየመንደሩም ኑዌር እየተፈለገ እንደሚገደል ጎረቤቶቼ በሹክሹክታ ያወሩ ነበር። እኔ ልነግረው አልደፈርኩም። እሱ ግን ቀድሞ ሰምቷል።

በሩን ዘግተን ወለል ላይ ተኛን። ተኩሱ ሲበርድ ተነስቶ ጀሪካኖቹን ይመለከታል፣ ለመጠጥ የሚበቃውን ይለያል፣ ተመልሶ ይተኛል። ወደ በሩ ሲራመድ ሁለቴ ያዝኩት። በሁለተኛው ጊዜ ወለሉ ላይ ተያይዘን ወደቅን። «ልቀቀኝ፣ እሷ ብቻዋን ናት» ይለኛል። «ብትሞትላት ምን ትጠቅማታለህ?» እለዋለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ግድግዳ ተደግፈን ተቀመጥን፤ እሱ በልቡ እየጸለየ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እኔም በራሴ መንገድ ዱዓዬን አደርጋለሁ።

ስልክ ሲመለስ ከማናውቀው ቁጥር ተደወለ። ኛማል ናት። እናቷን በእጅ ጋሪ ጭና፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ግቢ ገብታለች። ደረጀ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ «እሺ... እሺ... እሺ» ብቻ ይል ነበር። ሲጨርስ ሽንት ቤት ገብቶ በሩን ዘጋና ቆየ። ወጥቶ ፊቱን ታጠበ።

ሐበሻው ሁሉ መውጣት ጀመረ። ሆቴሉ ሠራተኞቹን በአውሮፕላን ሲያወጣ ለእሱም ቦታ ነበረው። እምቢ አለ። ኛማል መውጣት አትችልም፤ ከግቢው በር እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ባለው አጭር መንገድ ላይ ወታደሮች ቆመዋል። ቢሳካላት እንኳ እናቷን ትታ አትሄድም። ማማ ደግሞ፣ እናቷን ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጠራቸው፣ እግራቸው አይሄድም፤ እንኳን ወደ ኢትዮጵያ፣ እስከ ውኃ ቧንቧው ድረስም አልተቻላቸውም። እናትየዋ ልጃቸውን ያዙ፣ ልጅቷ ባሏን ያዘች። እኔም ዕቃዬን ጥዬ መሄድ አቅቶኝ ቀረሁ። ሁላችንም በየራሳችን ገመድ ታስረን ነበር።

ከተማው ሲረጋጋ ወደ ሆቴሉ አብረን ሄድን። ጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲጨርስ ቆሟል፣ ፓምፑም ቆሟል፣ ሰላጣው በሙሉ እንደ ደረቀ ትንባሆ ሆኗል። ደረጀ ከሣጥኑ አንድ እፍኝ ጠጠር አነሳና ጨመቀው። አንድ ጠብታ የለውም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ጠጠር ንጹሕ ነው ብዬ መረጥኩት። ግን ምንም አይቆጥብም። ውኃው በቆመ በግማሽ ቀን ሥሩን ገደለው።»

«ጦርነት ነው እኮ ደረጀ።»

«ሥሩ ጦርነት መሆኑን በምን ያውቃል?»

ኛማል ያለችበት ግቢ ውስጥ መግባት ለእኛ ለውጭ ሰዎች ይፈቀዳል፤ በሩ ላይ መታወቂያ አሳይተን፣ ተፈትሸን እንገባለን። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ደንግጬ ነው የወጣሁት። ላስቲክ በላስቲክ ላይ ተደራርቦ የተወጠረ፣ ሰው ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚተኛበት ቦታ ነው። ዝናቡ ሲመጣ ባሰ። ውኃው ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ እናቶች ልጅ አቅፈው ቆመው ያነጋሉ። ኛማል፣ ያቺ ሁሌ የተተኮሰ ሸሚዝ የምትለብሰው ልጅ፣ ጭቃ ውስጥ ባዶ እግሯን ቆማ «ግባ ወንድሜ፣ ቤት ለእንግዳ ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

ማማ የሚሰጠውን ማሽላና ምስር መዋጥ ሰልችቷቸዋል። ኩድራ አምጡልኝ ይላሉ፤ ሲበስል እንደ ተልባ የሚዝለገለግ የአገሩ ጎመን ነው። ገበያ ላይ ሲገኝ ደረጀ ይዞ ይገባል፣ ሳይገኝ ባዶ እጁን። አንድ ቀን ከግቢው ስንወጣ መንገዱ ዳር የፈረሰ ግንብ አየና መኪናውን አስቆመኝ። ወርዶ ጡቦቹን እርስ በርስ ያጋጫቸው ጀመር። በደንብ የበሰለው እንደ ብረት ይጮኻል፤ ያልበሰለው ዱብ ይላል። የሚጮኸውን ሰባብሮ ስባሪውን ውኃ ውስጥ ነከረ፣ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ተወው። በማግሥቱ ሲሰብረው ውስጡ ገና እርጥብ ነው።

«አገኘሁት» አለኝ። «ይሄ የኔ ቀይ አሸዋ ነው።»

ከዚያ በፊት ሰጋቱራም ሞክሮ ነበር። የጁባ አናጺዎች የሚሠሩበት የቲክ እንጨት ሰጋቱራ ችግኙን ሁሉ አቃጠለበት። የሩዝ ገለባው ደግሞ በሙቀቱ በስብሶ ሸተተ። የጡብ ስባሪ ግን አይበሰብስም፣ አይሟሟም፣ ውኃ ይዞ ይቆያል። እኔ ጀሪካንና ቀጭን ቱቦ ከሱቄ አወጣሁ። ጀሪካኑን በቁመቱ ሰንጥቆ ስባሪውን ሞላበት፣ ለማማ ኩድራ ዘራበትና በድንኳናቸው አጠገብ ከጭቃው ከፍ ባለ የእንጨት ቆጥ ላይ አስቀመጠው። ከላይ ከድንኳኑ ላስቲክ የዝናብ ውኃ የሚቀበል ባልዲ አለ፣ ውኃው በቱቦው እየወረደ ጡቡን ያርሳል፤ ከሥር የሚንጠባጠበውን የሚይዝ ሌላ ጀሪካን። ጠዋትና ማታ አንዲት ሴት የታችኛውን አንስታ የላይኛው ላይ ትደፋዋለች። በቃ። መብራት የለ፣ ፓምፕ የለ።

«ሴትየዋ ብትረሳስ?» አልኩት፣ በራሱ ጥያቄ ልይዘው።

«ጡቡ አንድ ቀን ያስታምመዋል» አለኝና ፈገግ አለ።

ሥራው ሁሉ ግን በፈገግታ አልሄደም። ምግቡን የሚሠራው ከሆቴሉ በተረፈው ነጭ ማዳበሪያ ነው። አንድ ቀን ከረጢቱን በፒክ አፑ ጭነን ወደ ግቢው ስንሄድ ኬላ ላይ አስቆሙን። ወጣት ወታደር ከረጢቱን በሳንጃ ቀደደው።

«ዴ ሹኑ?» አለ፤ ይሄ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

«ሰማድ» አልኩት፣ ማዳበሪያ መሆኑን። አላመነኝም። ጓደኞቹን ጠራ። «ቦምብ የሚሠራበት ነው። ለእነዚያ ልትሰጡ ነው» አሉ። ከመኪናው አውርደው ፀሐይ ላይ አስቀመጡን። መሣሪያው ፊቴ ላይ ሲሆን በዓመታት ንግድ የለመድኩት የጁባ ዐረብኛ ሁሉ ጠፋኝ። ደረጀ ቀስ ብሎ ጣቱን ዱቄቱ ውስጥ ነከረና ምላሱ ላይ አደረገው። ይህ ልማዱ ነበር፤ ሆቴል ሳለም ውኃውን የሚቀምሰው እንዲሁ ነው። ወታደሩ ዓይን ዓይኑን አየው።

«ጨምር» አለው።

ጨመረ። ፊቱ ተኮማተረ፣ ግን ዋጠው። ሌላው ወታደር ሳቀ። ደረጀ በእንግሊዝኛ፣ ረጋ ብሎ፣ «አማቴ ታማለች። የምትበላው ቅጠል የማበቅልበት ነው» አላቸው። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ካቆዩን በኋላ ሂዱ አሉን። ከረጢቱ ግን ቀረ። መኪናው ውስጥ ገብተን ኬላውን እንዳለፍን በመስኮቱ ተንጠልጥሎ አስመለሰው።

ማዳበሪያ ሳይኖር ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ሄደ። ያን ጊዜ ነው ከኛማል ጋር ሲጣሉ ያየኋቸው። እሱ ቆጡ ሥር አጎንብሶ ቱቦ ሲጠርግ፣ እሷ ከኋላው ቆማ፣

«ደሬ፣ እውነቱን ንገረኝ። የምትመጣው ለኔ ነው ለቅጠሉ?» አለችው።

«ለአንቺ ነዋ።»

«ታዲያ አንድ ቀን አጠገቤ ዝም ብለህ ተቀመጥ! እኔ እዚህ ገብቼ ሰው መሆኔን ረስቻለሁ። አንተ ቱቦ ትጠርጋለህ!»

ደረጀ ተነሳ። እጁ ጭቃ ነው፤ የት እንደሚያደርገው ጠፋው። «አጠገብሽ ከተቀመጥኩ» አለ፣ «ከዚህ ላወጣሽ እንደማልችል ብቻ ነው የማስበው። እዚህ ግን የማውቀው ነገር አለ።»

ኛማል ቱቦውን ከእጁ ተቀበለችና ራሷ ትጠርገው ጀመር። እሱም ጀሪካን ላይ ተቀመጠ። እኔ ማማን ላጫውት ብዬ ወደ ድንኳኑ ገባሁ፤ ቋንቋ ስለማንግባባ ተያይተን ተሳሳቅን።

ከዚያ ወዲህ የሥራው ባለቤት እሷ ሆነች። እኔ ከረጃፍ የፍየል በጠጥ በጆንያ አመጣለሁ፤ እሷና የጎረቤት ሴቶች በጨርቅ ቋጥረው በርሜል ውስጥ ይዘፈዝፉታል፣ ከዕቃ ዕቃ እየገለበጡ አየር ያስገቡለታል፣ አጥልለው ለጡቡ ያጠጡታል። ይሸታል። በጠጥ የጠጣ ቅጠል ለሰላጣ ስለማይሆን፣ ጥሬውን የሚበላ እንዳይኖር ደረጀ አስጠነቀቀ፤ ኩድራ ግን መቀቀሉ አይቀርም። ቅጠሉ መልሶ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ማማ የመጀመሪያውን ሳህን ሲበሉ ልጃቸውን በኑዌርኛ አንድ ነገር አሏት፣ ኛማል ሳቀች። «ምን አሉ?» አላት ደረጀ። «ባልሽ ምግብ ማብሰል ይችላል ወይ እያለች ነው።» በየድንኳኑ አጠገብ ቆጥ እየበዛ ሄደ። ደረጀ እየዞረ ያያቸዋል፤ ያልበሰለ ጡብ የሞላ ካገኘ ያስገለብጣል። ሴቶቹ ይቆጡታል፣ ግን ይታዘዙታል።

ሁለተኛው ዝናብ ሳይገባ ማማ ሞቱ። በግቢው ውስጥ ባለች ጠባብ ቦታ ተቀበሩ። ኛማል ልቅሶዋን ስትጨርስ «አሁን ውሰደኝ» አለችው።

የመሳፈሪያ ወረቀቷን ከኢትዮጵያ ኤምባሲ እሱ ጨረሰ። መኪናውን እኔ ነዳሁ። ሐበሻ እንድትመስል እህቴ ከጁባ ስትወጣ ትታው የሄደችውን ቀሚስና ሻርፕ አለበስናት። ጠዋት ነው፤ የግቢው በር ከኋላችን ሲቀር ኛማል ዞራ አላየችም። ከገባችበት ዕለት ጀምሮ ከዚያ አጥር ውጭ ስትሆን የመጀመሪያዋ ነው። ከኋላዬ፣ ደረጀ አጠገብ ተቀምጣ የወንበሬን መደገፊያ ጨብጣ ነበር።

ኬላው ላይ አስቆሙን። ጠና ያለ ወታደር በመስኮቱ አጎነበሰ። እኔን አየኝ፣ ደረጀን አየው፣ እሷ ላይ ቆየ። ፈገግ አለና፣

«ማሌ» አላት።

የኑዌሮች ሰላምታ ነው። ያን ሰሞን በዚህች ቃል ስንቱ ኑዌር ተለይቶ እንደተገደለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሰው የእናቱን ሰላምታ ሲሰማ ሳያስበው ይመልሳል። እኔ መሪውን ይዤ ደነዘዝኩ። ኛማል ወታደሩን እንደ ግድግዳ አየችው። ከዚያ ወደ ደረጀ ዞረች።

«ምን እያለኝ ነው?» አለችው፣ በአማርኛ።

«ሰላም እያለሽ መሰለኝ» አለ ደረጀ።

«ሃሎ» አለችው ወታደሩን።

«ሀበሺያ?» አለ ወታደሩ ወደ እኔ።

«ሀበሺያ» አልኩ። ወታደሩ የመኪናውን ጣሪያ በመዳፉ መታና አሳለፈን።

ኬላው ከዓይናችን ራቀ። በመስተዋቱ ሳያት እንባዋ በሻርፑ ላይ ይወርዳል። «እናቴን ስቀብራት የተሰናበትኩበት ቃል ነው» አለች። «መልስ ነሣሁት። እንደማላውቀው አደረግሁት።»

ደረጀ አንገቱን ወደ እሷ አዘነበለና፣ ስንት ዓመት አብሯት ኖሮ አፉ ባልገራው ኑዌርኛ፣ «ማሌ» አላት።

ኛማል ቀና አለች። ከዚያ በቋንቋዋ ሙሉውን መልስ ሰጠችው። ወዲያውም አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «እንደሱ አይደለም፤ ሳብ አድርገው» አለችው። ደገመው። «አሁንም አይደለም።» ደገመው። እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በር ድረስ እሱ ሰላም ይላታል፣ እሷ ታርመዋለች፣ ትመልስለታለች። እኔም መንገዱን እያየሁ፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ ከእነሱ ጋር «ማሌ» አልኩ።